የዳንግላው ባለሥዕል ቤታችን

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ሁለት ልጃገረዶች የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመስሉኛል፤ የሚከራይ ክፍል ፈልገው ነው። አንደኛዋ ከቲማቲም ጣሳ ውስጥ በጣቷ እየዛቀች የወረቀቱን ጀርባ ትቀባለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ምሰሶው ላይ በክንዷ ታሻለች። ጣሳው ውስጥ የነበረው በውሃ የበሰለ የስንዴ ዱቄት ነው። ሽታው ደረሰኝ። ቀለል ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፣ የአጥሚት ዓይነት ሽታ ነው፤ ሌላ ሰው ልብም አይለው። እኔ ግን ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። ባጃጁ መጥቶ «እማማ፣ አይገቡም?» ሲለኝ «ሂድ ልጄ፣ በእግሬ ነኝ» አልኩት። ጉልበቴ ለእግር መንገድ የሚሆን ሆኖ አይደለም፤ ጉሙም ወርዶ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አያሳይም ነበር። ብቻ ከሰው ጋር ተጣብቄ መቀመጥ አስጠላኝ። ልጃገረዶቹን ግን ሳልናገር አላለፍኩም። «አወፈራችሁት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አልኳቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የቤት አያያዝ ስታስተምር የኖረች ሴት አፏን መዝጋት አይሆንላትም።

ሽታው የወሰደኝ ወደ ዳንግላ ነው፤ ከአሮጌው ገበያ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር ወደነበረችው ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤታችን። ባሌ ስንሻውና እኔ ስንጋባ ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ የቤት አያያዝ። ያኔ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲም በአሥር ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ሁለት ብር ኪሱ የገባ ወጣት አስተማሪ መንገዱን የገዛው ይመስለዋል። ወንዶቹ ጠጕራቸውን አጎፍረው መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ በረጅም ተረከዝ ያንን ሁሉ ጭቃ እየረገጥን እንኮራለን። ከሰዓት በኋላ የሻይ ቤቱ ራዲዮ ዘፈን ሲጀምር ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ይሰማል፣ የምትቆጣው ደንበኛም አብራ ትሰማለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ጠቡ የሚቀጥለው። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ሱቁ ሁሉ የስልክ መሸጫ ነው። እያንዳንዱ በር ላይ የየራሱ ዘፈን ይጮኻል፣ አንዱም አይሰማም። እርጅና ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ጆሮዬ ደህና ነው።

የሌላዋ ሴት ባል ጠጅ ቤት ያመሻል፤ የእኔው ሥዕል ይገዛል። ጫማው አፉን ከፍቶ እያለ ሥዕል ይገዛል። የግቢውን በር በኃይል ከከፈተ ባዶ እጁን ነው፤ በቀስታ ከከፈተ ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር አለ ማለት ነው። ከማን አይገዛ! ከተማሪ፣ ከደብተራ፣ ከመሸታ ቤት ሰሌዳ ጻፊ፣ ከእስረኛ። ከእንጅባራ ወገን የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ቀርቀሃ ሰንጥቆ፣ በእሳት ለብለቦ ፍሬም ይሠራለት ነበር። ከዚያ ስንሻው ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ እንጨቱ ያለበትን ፈልጎ ምስማር ይመታል። ራቅ ብሎ ያየዋል፣ ያቃናዋል፣ እንደገና ይርቃል። ራቱ ይቀዘቅዛል።

መግቢያው ላይ የሰቀለው አያ ፈንታ የሚባለው ሰሌዳ ጻፊ ጣውላ ላይ የሳለውን ፈረሰኛ ነበር። ጥር ጊዮርጊስ ላይ የሚጋልብ የአገው ፈረሰኛ ነው። ሰውየው ከነጎፈሩ፣ ከነጋሻው አምሮበታል፤ ጣውላው አልበቃ ብሎ ግን የፈረሱ እግሮች አጥረው ጭቃ ውስጥ የሰጠመ ይመስላል። እንግዳ ሁሉ እዚያ ቆሞ ይስቃል። ስንሻው አይከፋውም፤ «ስቆ የገባ እንግዳ አያስቸግርም» ይላል። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ተማሪው የሳለው የዘንገና ሐይቅ ነበር። ልጁ ሰማያዊ ቀለም ቢያጣ ነጭ ልብስ የምናጥብበትን ሰማያዊ ዱቄት በጥብጦ ቀባው፤ እውነተኛው ዘንገና እንደዚያ ሰማያዊ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ያ ልጅ በኋላ ወደ ጦሩ ሄዶ አልተመለሰም። መኝታ ቤት ደብተራ በብራና ላይ የሳላት ማርያም ነበረች፤ ዓይኗ ሰፊ ስለሆነ እሷ ፊት ልብስ መቀየር አፍሬ ስነግረው በቀይ ሻሽ መጋረጃ ሠራላት። ማድ ቤት የገበያ ሥዕል ሰቀለ። «ጭስ ይበላዋል» ስለው «ወጥ የምትሠራዋ ሴትስ ምን ትመልከት?» አለኝ። ወጥ የምሠራዋ እኔ ነኝ። የሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር እስረኛ በካርቶን ላይ የሳለው ዝንጀሮ ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ምን እንዳለ የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ከቀበሌ አንዱ መጥቶ ክፍሉን ሁሉ ዞረና «መምህር፣ የመሪዎቹ ሥዕል የታለ?» አለው። ስንሻው ምንም ሳይመስለው «ጭስ እንዳይነካቸው ብዬ ሳጥን ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ» አለ። ሰውየው ጥቂት አሰበና «ጥሩ አድርገሃል» ብሎ ሄደ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ስንሻው የሚሳሳለት ግን አንድ ተላላፊ መንገደኛ የሰጠው ነበር። ከወሎ ወደ ቆላው ለሰፈራ የሚወሰዱ ሰዎችን የጫኑ መኪናዎች በዳንግላ ሲያልፉ ሕዝቡ ዳቦና ውሃ ይዞ ይወጣ ነበር። አንድ ሸማ የተከናነበ እስላም ሰውዬ ከስንሻው ዳቦ ተቀብሎ፣ ከጉያው የተጣጠፈ የሲሚንቶ ወረቀት አወጣ። በእርሳስ የሳለው መንደሩ ነው፤ መስጊዱ፣ ዋርካው፣ የእናቱ ጎጆ። «የምሄድበትን አላውቀውም፤ ዝናብ እንዳያበላሽብኝ አገሬን ያዝልኝ፣ ተመልሼ እወስደዋለሁ» አለው። ስንሻው ቤት ወስዶ ከአልጋችን ትይዩ ሰቀለው። የሰው አደራ ነው እያለ አቧራውን ራሱ ነበር የሚያራግፈው።

እኔን ያስመረረኝ ምስማሩ ነው። ጭቃ ግድግዳ ምስማር አይወድም። አንድ ሥዕል በተሰቀለ ቁጥር አንድ እፍኝ ጭቃ ይረግፋል፤ ሲባጎውን አይጥ ትበጥሰዋለች፤ ሥዕሉ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ይበሳል። ለተማሪዎቼ ንጹሕ ግድግዳ የባለሙያ ሴት ምልክት ነው እያልኩ ሳስተምር ውዬ ስገባ፣ የራሴ ግድግዳ ፈንጣጣ የለቀቀው ፊት መስሎ ይጠብቀኛል። ያኔ እኛ ዘንድ ቤቱ እንዲያምርለት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለብጥ ነበር። ለፋሲካ የአምናው ላይ የዘንድሮው ይለጠፋል። ሊጡን አቀጥኖ ማብሰል፣ አይጥ እንዳይቀምሰው እሬት ጠብ ማድረግ፣ ከመሃል ወደ ዳር እያሹ አየሩን ማስወጣት፣ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ስንሻው ለክረምት ትምህርት ሁለት ወር ባሕር ዳር ሲሄድ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጋዜጣ በሊጥ ከተለጠፈ ሥዕልስ በሊጥ ቢለጠፍ ምን ይለየዋል?

ቤቱን በአዲስ ጭቃ ለቅልቄ፣ ኖራ ቀብቼ፣ ሥዕሎቹን አወረድኳቸው። ልጃችን ማንጠግቦሽ ያኔ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የሊጡን ድስት አቅፋ ከክፍል ክፍል ትከተለኛለች። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከጣውላው ፈረሰኛ በቀር ሁሉንም ለጠፍናቸው፤ ዘንገናን፣ ማርያምን፣ ገበያውን፣ የወሎውን ሰው መንደር። ቀጥ ባለ መስመር፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ አንድ ጣት ሳይዛነፉ። የቀርቀሃውን ፍሬም ፈትቼ ማገዶ አደረግሁት። ብራናው ሲደርቅ መኮማተሩን፣ የዘንገናም ሰማያዊ ትንሽ መፍሰሱን አይቻለሁ፤ ግን አንድም ቀዳዳ የሌለበት ግድግዳ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነበር። ደስታዬን አልችለው አልኩ። እስኪመጣ ቀን እቆጥር ነበር።

ለእንቁጣጣሽ መጣ። ማንጠግቦሽ ዓይኑን በሁለት እጇ ጋርዳ አስገባችው። ስትለቀው ግድግዳውን አየ። ወደ ዘንገናው ሄዶ አንዱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገ፤ አልተነሳም። ወደ ሌላው ሄደ፣ እሱንም ጫር አደረገ። አራቱንም ክፍል እንዲህ ሲዞር እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ከኋላው እከተላለሁ። በመጨረሻ ዞሮ «እጅሽ ይባረክ» አለኝና ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ሞኟ ምርቃት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን በቀስታ ከፍቶ የገባበት ቀን የለም፤ አንድም ሥዕል አልገዛም። ነገሩ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የማይለቀም ነበር።

ጥቅምት ላይ የወሎው ሰው መጣ። ከስቶ፣ ዓይኑ በወባ ቢጫ ሆኖ፣ ስንሻውን ተማሪ ቤት ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነው ያገኘው። «አደራዬን ልወስድ ነው» አለ። ስንሻው አየኝ። ሲቆጣኝ ማየት እመርጥ ነበር፤ እሱ ግን ያዘነልኝ ይመስላል። ቢላዋ አምጥቼ ጠርዙን ለማንሳት ስሞክር ወረቀቱ በዋርካው በኩል ቀጭ ብሎ ተቀደደ። ሰውየው እጄን ያዘኝ። «ተይው እህቴ፣ አብሽሪ» አለኝ። ከዚያ መዳፉን መንደሩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆመ። «እኛም እዚያ ቆላ ላይ እንዲሁ ተለጥፈናል፤ ቢልጡን እንቀደዳለን እንጅ አንነሳም። አገሬ እዚሁ ይኑር» አለ። ምሳ እንዲበላ ብንለምነው መኪና ይሄድብኛል ብሎ ወጣ። ደግሞም አልመጣም።

ማንጠግቦሽ ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። ማታ አባቷ ጭን ላይ ወጥታ «የሱ አገር ግድግዳ ላይ አለ። ፈረሱ አለ። ዝንጀሮው እንኳ አለ። እኔስ?» አለችው። ስንሻው ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ አያ ፈንታን ጠርቶ አመጣው። አያ ፈንታ ቀለሙ አልቆበት፣ ከባሕር ዳር እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። «ለጊዜው በከሰል ልሳላት፤ ቀለሙ ሲመጣ አለብሳታለሁ» አለና ከምድጃው አንድ ከሰል መረጠ። ከቁምሳጥኑ አጠገብ ሥዕል ያልደረሰበት ነጭ ግድግዳ ነበር። እዚያው ኖራው ላይ ይስላት ጀመር። እሷ አንድ ቦታ መቆም አልሆነላትም፤ «አንች ልጅ፣ ቁሚ! ዝንብ ነሽ?» ይላታል፤ ትቆምና መልሳ ትሽከረከራለች። ከጎረቤት ልጆች አገውኛ ለምዳ ስለነበር በአገውኛ አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ብቻ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱም ያንን ሳቋን ሳያልፍበት ያዘው። ሲጨርስ እጁ፣ ግንባሩ፣ አፍንጫው ጠቁሯል። ስንሻው «አያ ፈንታ፣ ይችስ ቀለምም አትፈልግ» አለው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ።

ፎቶ አልነበራትም። ፎቶ ቤት የምንወስዳት ለጥምቀት ነበር፤ ቢጫ ቀሚሷ ተሰፍቶ፣ አንገቱ ላይ የሚሆን ዳንቴል እኔ ራሴ እየሠራሁላት ነበር። በኅዳር ማለቂያ ኩፍኝ ከተማው ውስጥ ገባ። በስድስት ቀን ወሰዳት። ስለዚያ ስድስት ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልናገርም።

ለቅሶ ላይ ሥዕሉ ጠላቴ ሆነ። ከጥሊሊ፣ ከአዲስ ቅዳም ዘመድ ሲመጣ፣ ገብቶ ግድግዳው ላይ እየሳቀች ሲያያት እሪታው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ያለቀሰውም አብሮ ይነሳል። አልቃሿ እያመለከተች «ይኸው ትስቃለች፣ እናቷን ታታልላለች» እያለች ታወርድብኛለች። ሰው ተበትኖ ብቻዬን ስቀርም ከቁምሳጥኑ ልብስ ላወጣ ስሄድ አለች፣ ስመለስ አለች። ስንሻው ተቃራኒው ነበር፤ ወንበሩን ወደዚያ አዙሮ ይቀመጣል። በአርባዋ ማግስት እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሊጥ አበሰልኩ። የተገኘውን ጋዜጣ ጀርባውን ቀብቼ በላይዋ ላይ ለጠፍኩት። ከመሃል ወደ ዳር አሸሁት፤ እጄ ሥራውን ያውቃል። ልቤ ሲጠና እገልጠዋለሁ አልኩ። ጋዜጣ ለብ ባለ ውሃ እንደሚላቀቅ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼን አስተምሬያለሁ። ከሰል ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላስተማረኝም።

ስንሻው መጥቶ አየው። ወንበሩን ግን አላዞረም፤ ጋዜጣውን እያየ ይቀመጥ ነበር። ፋሲካ ደረሰና ግድግዳውን ስለብጥ ከኋላዬ ቆሞ «ዘንድሮስ?» አለኝ። የሚለው ገባኝ። «ዘንድሮም አይደለም» አልኩት። በዓመቱም ጠየቀኝ። ልጃችን አዲሱ ሲወለድም ጠየቀኝ፤ አሁንማ ሌላ ልጅ ሰጥቶናል፣ እንያት አለኝ። ጨርቄን አልጣልኩም እንጅ እንደ እብድ ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ ለስንት ፋሲካ እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ አንድ ዓመት ሳይጠይቀኝ ቀረ። የሚቀጥለውም ዓመት ዝም አለ። ረስቶታል ብዬ እፎይ አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንዲህ እያለ ግድግዳው በጋዜጣ ወፈረ፣ የቀሩት ሥዕሎችም ባንድ ባንድ ከሥሩ ገቡ፣ ስንሻውም አረጀ። የሞተው በሳንባው ነው። በመጨረሻው ሳምንት ወንበሩን ከአልጋው አጠገብ ስቤ ስቀመጥ አብሮን የነበረውን አዲሱን የሚናገር መስሎ «እናትህን አታስቸግራት» አለ። አዲሱ «ምን አስቸገርኩሽ?» አለኝ። አላወቅሁም አልኩት።

እኔም ወደ እንጅባራ፣ ልጄ አዲሱ ዘንድ መጣሁ። የዳንግላው ቤት ለተከራይ ተሰጠ። አምና መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ቤቱ ይነሳል ተብሎ ተነገረን፤ ግምቱ ተከፈለ፣ ቀኑም ተቆረጠ። አዲሱ ቆርቆሮውንና በሮቹን ሊያስነሳ ሲሄድ አጠገቡ መኪናው ውስጥ ገብቼ «ግድግዳው ላይ እህትህ አለች» አልኩት። ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነው። እህት እንደነበረችው ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ እንዳለች ግን ነግሬው አላውቅም። መኪናውን ሊያስነሳ የያዘውን ቁልፍ ተወው። «ምን ማለትሽ ነው፣ እማ?» አለኝ። ነገርኩት። «ታዲያ በስልኬ አነሳታለሁ፤ ቤቱ ቢፈርስም እሷ አትፈርስም» አለ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የጠናው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጠዋት ደረስን። ማሽኑ በማግስቱ ይመጣል ተብሏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ቆርቆሮ አውርዶ ቤቶቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። አዲሱ ለብ ያለ ውሃ በባልዲ አድርጎ በስፖንጅ ያረጥባል፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ቀስ፣ ከመሃል አትጀምር፣ ከዳር» እለዋለሁ። የላይኛው ንብርብር ተነሳ። ከሥሩ የዛሬ ስንት ዓመት ወጣ፤ የስልክ መስመር ማስታወቂያ፣ የኳስ ውጤት። ከሥሩ ሌላ፤ የእህል ዋጋ፣ ከዛሬው ጋር ቢያስተያዩት የሚያስቅ። ከሥሩ ደግሞ ትከሻው የተነፋ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ፤ ያንን ቀሚስ እኔም አሰፍቼ ነበር። አዲሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበልኝ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን። ከዚያ አንድ ነገር አየና ማንበቡን ተወ። «እማ፣ ይች ምንድን ናት?» አለኝ። ጋዜጣው ላይ በእርሳስ የተሠሩ አራት ትናንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ አራት ማዕዘን የሚሠሩ። ያነሳነውን ንብርብር ገልብጠን አየን፤ እሱም ላይ አሉ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ከሥሩ ባለውም አሉ። ስንሻው በየፋሲካው እኔ ለጥፌ ስወጣ ያለችበትን ቦታ ምልክት ያደርግ ነበር። መጠየቅ ያቆመባቸው ዓመታት ጋዜጦች ላይ ሳይቀር ምልክቱ አለ። እኔ ረስቶታል ብዬ እፎይ ባልኩበት ዓመት ሁሉ አለ። እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ በሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩለትም።

አዲሱ ውሃ አጠጣኝና ቀጠለ። ምልክቱ የሌለበት ጋዜጣ ላይ ስንደርስ ያ በአርባዋ ማግስት የለጠፍኩት መሆኑን አወቅሁ። «ይኸ ነው፤ ከሥሩ ናት» አልኩት። እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ ስልኩን አዘጋጀ። ሁለቱን የላይኛውን ጫፍ ይዞ በጣም በቀስታ ወደ ታች ሳበው፤ አልተቀደደም፤ ጥሩ ሊጥ ነበር። ጋዜጣው ከነኖራው መጣ። ከሥሩ የወጣው ጭቃ ነው፤ እዚህም እዚያም አመድ የመሰለ ግራጫ እድፍ ያለበት እርጥብ ጭቃ። አዲሱ ጋዜጣውን ገልብጦ አየው፤ ኖራው እጁ ላይ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ እየተሰባበረ ወረደ። ከሰሉ ከኖራው፣ ኖራው ከሊጡ ጋር ተቀላቅሎ መዳፉ ጠቁሯል። ፍርፋሪውን ከመሬት እየለቀመ ሊገጣጥመው ሞከረ፤ ሲነካው ዱቄት ይሆናል። የአንድ ጫማ ማሰሪያ የሚመስል አንድ መስመር ብቻ ተገኘ። ስልኩን አውጥቶ ያችኑ መስመር ፎቶ አነሳት።

ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁን አልታጠበም። «አይዞሽ እማ» አለኝ። «አንች ታስታውሻት የለ? እየነገርሽኝ እጽፋታለሁ። ምን ትመስል ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ቢጫው ቀሚስ መጣልኝ፤ ዳንቴሉ መጣልኝ፤ የሊጡን ድስት ያቀፈችበት ክንድ መጣልኝ። ፊቷ አልመጣም። ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳው ይዞልኛል ብዬ እኔ ሳልይዘው ኖሬያለሁ። አዲሱ ስልኩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ፍንጭት ነበረች» አልኩት።

ጻፈው። ፍንጭት ትሁን፣ ወይስ በዚያ ሰሞን የወተት ጥርሷ ወልቆ ይሁን፣ እርግጠኛ አይደለሁም።